የወርቅዬ ቆጮና የዩሱፍ ድንጋዮች

ወርቅዬ አንድ ጊዜ «ለምን?» ካለች አለቀ፤ መልሱን ሳታገኝ እንቅልፍ አይወስዳትም። በልጅነቷ የጎረቤት ከበሮ በቢላ ቀድዳ፣ ድምፁ የት እንደሚቀመጥ ለማየት እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ስትበረብር ተይዛለች። ግርፊያው እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም። ግን ምኗን ለወጠው? አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ ባሏ ሞቶባት፣ ኮልፌ ገበያ ቆጮ እየሸጠች ስትኖርም ያችው ወርቅዬ ናት።

ጊዜው 1931 ዓ.ም. ኅዳር ነው፤ ጣልያን አዲስ አበባ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ያኔ የወርቅዬ ቆጮ ቆጮ ብቻ አልነበረም። ጎረቤቷ ዩሱፍ የጣልያኖች መጋዘን ውስጥ ዕቃ ደርዳሪ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ በሽርጡ እጥፋት ደብቆ የባትሪ ድንጋይ ያመጣና በአጥሩ ሥር፣ ዶሮዎቹ በሚሾልኩበት ቀዳዳ ያቀብላታል። ድንጋይ ስላችሁ ደግሞ የወንዝ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። የእጅ ባትሪ ሆድ ገብቶ መብራት የሚሰጠውን ነገር ኮልፌ ያኔም ዛሬም ድንጋይ ነው የሚለው። ወርቅዬ ድንጋዮቹን ቆጮ መሀል ትቀብርና በኮባ ትጠቀልላለች። ነገሬ የሚባል የሜታ ልጅ ደግሞ በአህያው ጭኖ፣ የአስኮን ኬላ አሳልፎ፣ ጫካ ላሉት አርበኞች ያደርሳል።

ዘዴው የራሷ ነው፤ ብትኮራበትም አይፈረድባትም። ኬላው ላይ የቆሙት አስካሪዎች፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ የጤፉን ጆንያ በብረት ዘንግ ይወጉታል፣ የማሩን እንስራ ከፍተው ያማስሉታል፣ የሰውን ብብት ሳይቀር ይዳብሳሉ። ቆጮው ጋ ሲደርሱ ግን አፍንጫቸውን ይዘው «ሂድ! ሂድ!» ነው። ወርቅዬ ይህን በሰማች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «በሉ እንግዲህ፣ የኔ ቆጮ ከመትረየስ በለጠ!» ትላለች።

ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበራት። እናቷ አገር ቤት ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ሰባት ዓመት ስታቆየው አይታለች። ተቀብሮ ሲወጣ ጣዕሙ ብሶበት እንጂ ተበላሽቶ አያውቅም። እሷ ባደገችበት ቤት «ቆጮ ይጠብቃል» ማለት «ፀሐይ በምሥራቅ ይወጣል» እንደማለት ነው። ስለዚህ ድንጋዮቹን እዚያ ውስጥ ስትከት ሳጥን ውስጥ የቆለፈችባቸው ያህል ልቧ ያርፍ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነገሬ መጣ። ይህ ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፤ ሁልጊዜ ሳቁ ከአህያው ቀድሞ ይደርሳል። ያን ቀን አልሳቀም። ራሱንም ተላጭቷል። ወርቅዬ ገና ስታየው ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ማን ሞተብህ?»

«በዳዳ» አለ።

በዳዳ ታናሽ ወንድሙ ነው። አንድ ጊዜ ከነገሬ ጋር መጥቶ ቆጮዋን ከበላ በኋላ «እትዬ፣ ይሄስ ሽታው ከወንድሜ አህያ ይብሳል» ብሎ በሳቅ የገደላት ልጅ። ወርቅዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ነፍሱን ይማር! ኧረ ምን ሆኖ?»

ነገሬ ከጋቢው ሥር አንድ የእጅ ባትሪ አወጣና ቆጮው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «በዚህ» አላት።

ነገሩን ቁጭ ብሎ ነገራት። በዳዳ ከወንዙ ወዲህ ማዶ ጠባቂ ነበር። የጣልያን ወታደር ከመጣ ባትሪውን ሦስት ጊዜ ብልጭ አድርጎ፣ ወዲያ ማዶ ላሉት ሰዎች «ሽሹ» ሊላቸው ነው። ወታደሮቹ መጡ። በዳዳ ባትሪውን ተጫነ፤ ምንም የለም። መታ መታ አድርጎ ደግሞ ተጫነው፤ አሁንም ድርግም ያለ ነገር።

«ባትሪው እምቢ ሲለው በአፉ ተጣራ» አለ ነገሬ። «ሰዎቻችን ድምፁን ሰምተው አመለጡ። ጥይቱም ድምፁን ሰምቶ መጣ።»

ወርቅዬ ዕንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን ባትሪውን አንስቶ ክዳኑን መፍታት ጀምሯል። ምን ታድርገው፣ ተፈጥሮዋ ነው። ክዳኑ በግድ ተፈታ። ሁለቱ ድንጋዮች ከቀፎው ጋር ተጣብቀዋል፤ ዙሪያቸውን ነጭ ሻጋታ የሚመስል ነገር ወጥቶባቸዋል፤ ሽቦው አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሥር ደግሞ ድፍርስ ውኃ ያዣል።

«ከሦስት ጭነት ወዲህ እንዲህ ነው» አለ ነገሬ። «ድንጋዩ እያለቀሰ ነው የሚደርሰን። አለቃችን ባላምባራስ አምሐ አይተውት ‹ይሄ እንዲሁ አልተበላሸም፤ ያበላሸው ሰው አለ› አሉ። ዩሱፍ የሚበላው የጣልያን እንጀራ ነው። ‹ደሙ ያንተ ነው፣ ፍርዱም ያንተ ይሁን› አሉኝ።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው፣ ከአስኮ ወዲያ ጅረቱ ጋ ይምጣልኝ። አለቆቹ ስጦታ ሊሰጡህ ነው በሉት። ብቻውን ይምጣ።»

«ካልመጣስ?»

«እኔ እመጣለታለኋ።»

ወርቅዬ ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ዩሱፍ! ባሏ ሲሞት ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው ዩሱፍ፤ ሚስቱ ዙሀራ አርባ ቀን ሙሉ ምግብ እየሠራች በአጥር ያቀበለቻት፤ ልጁ አልፊያ «እማ ወርቄ» የምትላት ዩሱፍ። «ስማኝ ነገሬ፣ ዩሱፍ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«እትዬ» አላት ነገሬ፣ ሳይጮህ። «ወንድሜን የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ወርቅዬ ባትሪውን ወደ ራሷ ሳበች።  «እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ነገሩን ላጣራ። ባትሪውን ተውልኝ» አለችው።

«ያጣሩ። ግን ዩሱፍ ሰምቶ የጠፋ እንደሆነ፣ ከእርስዎ ሌላ የነገርኩት ሰው የለም» ብሎ ተነሣ።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ባትሪውን በነጠላዋ ጠቅልላ ጋሽ ፈቀደ ቤት ሄደች። ጋሽ ፈቀደ ኮልፌ ውስጥ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚሠራ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ከጣልያን በፊት ስልክ ቤት ሠርቷል፤ የስልክ ባትሪ ያኔ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀመጥ ስለነበር ሆዱን አይቶታል። ነጭናጫ ሽማግሌ ነው፤ ጥያቄ አይወድም። ወርቅዬ ደግሞ ከጥያቄ በቀር ይዛ አትመጣም።

«ጋሽ ፈቀደ፣ የባትሪ ድንጋይ ለምን ያለቅሳል?»

«ሰው ሲነዘንዘው» አለና መዶሻውን ቀጠለ።

«የምሬን ነው። ሰው የሚሞትበት ነገር ነው፤ አይቀልዱብኝ።»

ፊቷን አየው። መዶሻውን አስቀመጠ። አንዱን ድንጋይ በጉጠት ከቀፎው ፈልቅቆ በመቀስ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። መሀል ላይ ጥቁር የከሰል ዘንግ፣ ዙሪያውን ጥቁር ዱቄት፣ ከዚያ ነጭ ሊጥ የመሰለ ነገር፣ ከሁሉም ውጭ ስስ ነጭ ቆርቆሮ፣ በላዩ ወረቀት። ወርቅዬ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተደፋችበት።

«ይሄ ቆርቆሮ ዕቃው ብቻ ይመስልሻል አይደል?» አለ ጋሽ ፈቀደ። «ዕቃውም ማገዶውም እሱ ነው። ብርሃን በሰጠ ቁጥር የራሱን ቆርቆሮ ይበላል። ድስቱን ራሱን እያነደደ ወጥ የሚሠራ ሰው አይተሻል? እሱ ነው። ማገዶው ሲያልቅ ድስቱ ይበሳል።»

«ወጡ ይፈሳላ!»

«ይፈሳል። የፈሰሰው ደግሞ ጨዋማ ነው፣ እኛ ብረት ስንበይድ እንደምንቀባው ጨው ያለ፤ የነካውን ብረት ሁሉ ይበላል። ለዚህ ነው ያለቀ ድንጋይ ባትሪ ውስጥ አይተውም የምላችሁ። የማትሠሩበት ከሆነ አውጡት። አሮጌውን ከአዲስ ጋር አታጋቡ፤ አዲሱ ይጎትተዋል፣ ደካማው ቶሎ ይበሳል። ማን ይሰማኛል!»

«ይሄኛው ግን ገና አልሠራም። አዲስ ነው የገባው።»

ጋሽ ፈቀደ ቆርቆሮውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየ። ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል። ጣቱን አስኬደበትና ግንባሩን ቋጠረ። «ሠርቶ ያለቀ የሚበሳው ከውስጥ ነው። ይሄ ከውጭ ተበልቷል። ምን እንደበላው ግን አንቺ ፈልጊ፤ እኔ ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ፣ ጠንቋይ አይደለሁም።» ይህን ብሎም የራሱን ባትሪ ባዶውን አዋሳት፤ የበዳዳን ባትሪ ደግሞ «ተይው፣ በአመድ ውኃ አጥቤ ሽቦውን ፍቄ አየዋለሁ» ብሎ አስቀረው።

ሐሙስ ዩሱፍ በአጥሩ ቀዳዳ ስድስት ድንጋይ አቀበላት። ወርቅዬ ያን ቀን ዓይኑን ማየት ፈራች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠርጥራዋለች። አንድ ሰው አሥር ዓመት ጎረቤት ሆኖ ቢኖርም ሆዱ አይታይም ብላ አስባለች፤ ስላሰበችም ራሷን ጠልታለች።

ቤቷ ገብታ ስድስቱንም ሁለት ሁለት እያደረገች በጋሽ ፈቀደ ባትሪ ሞከረቻቸው። ሁሉም ቦግ! ግድግዳው ላይ ፀሐይ የወጣ ይመስላል። ወረቀታቸው ደረቅ፣ ቆርቆሯቸው ንጹሕ። ወርቅዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አጥሩ ጋ ደኅና ናቸው፤ ጫካ ሲደርሱ ያለቅሳሉ። እንግዲያው መሀል መንገድ ላይ ነው የሚበላሹት። መሀል መንገድ ላይ ያለው ደግሞ ነገሬ፣ የነገሬ አህያና እሷ ናት።

አህያዋን ጠረጠረች። መቼስ አህያ አትከራከርም።

አንዱን ድንጋይ ቅል ውስጥ ከትታ፣ ልክ ወተት እንደምትንጥ፣ ጠዋት ጠዋት ትንጠው ጀመር። ከኮልፌ ጫካ ድረስ አህያ ጀርባ ላይ የሚንገጫገጨውን ያህል ልታንገጫግጨው ነው። ዩሱፍ ኳኳታውን ሰምቶ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ አያት።

«ወርቄ! ቅቤው እንቢ አለ እንዴ? ድንጋይ ድንጋይ ይላል!»

«አንተ ምን አገባህ፣ ሥራህን ሥራ!» ብትለውም ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ቅዳሜ ትዝ አላትና ቅሉን መልሳ መናጥ ያዘች።

ሁለተኛውን ድንጋይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ አሰጣችው። ሦስተኛውን ደረቅ ጤፍ ውስጥ ቀበረችው። ሁለቱን ባትሪው ውስጥ ትታ፣ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማየት አብርታ እንቅብ ደፋችበት። ስድስተኛውን ቆጮ ውስጥ ከተተችው፤ እሱን እንኳ ለወጉ ያህል ነው። ቆጮ እንደሆነ ይጠብቃል።

ስምንት ቀን ልትጠብቅ ነበር ሐሳቧ። እስከ ሰኞ ቆየች፤ ሰኞ ላይ አላስቻላትም። በመጀመሪያ የተናጠውን አወጣች፤ ደኅና ነው። ጣሪያ ላይ የዋለውን አወረደች፤ ወረቀቱ ትንሽ ተጨማዷል እንጂ ደኅና ነው። የጤፉ ደግሞ ጤፉን ስታራግፍለት ልክ እንደገባ ወጣ። እንቅቡን አነሣች፤ ለካ ባትሪውን አብርታ ከናካቴው ረስታዋለች! መብራቱ ከሞተ ቆይቷል፣ አንደኛው ድንጋይ ከሥሩ ማዣት ጀምሯል። «ወይ ጉድ፣ ጋሽ ፈቀደ ይገድለኛል» አለች። ግን ሽማግሌው ያለው እውነት ሆኖ በማየቷ ደስም ብሏታል፤ ሠርቶ ያለቀ፣ ባትሪ ውስጥ የተረሳ ድንጋይ ያለቅሳል።

ቆጮውን የፈታችው በመጨረሻ ነው። ኮባውን ገለጥ ስታደርግ ሽታው ተለውጧል፤ የቆጮው ኮምጣጣ ሽታ ላይ ሌላ፣ ብረት ብረት የሚል ነገር አለበት። ቆጮው በድንጋዩ ዙሪያ አመድማ ሆኗል። ወረቀቱ ርሶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በጣቷ ተላጠ። ቆርቆሮው ላይ ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር ወጥቷል፤ በጥፍሯ ስትነካው ፍርፍር አለ። በአራት ቀን!

ወርቅዬ ያን ጊዜ «ለምን» አላለችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ ቀድሞ መጣባት። ያበላሸው ዩሱፍ አይደለም። አህያዋም አይደለችም። ድንጋዩን በገዛ እጇ ቆጮ ውስጥ የጠቀለለችው፣ «ይጠብቀዋል» ብላ ደረቷን የነፋችው እሷ ናት። በዳዳ «እትዬ» ብሎ ሲስቅ ታያት። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ቆጮ በነካው እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ሌላም ሐሳብ መጣባት፣ አልደብቃችሁም። ይህን ያየ ሰው የለም። ድንጋዩን ሽንት ቤት ጥላ፣ ለነገሬ «መንገድ ላይ ውኃ ነክቶት ይሆናል» ብትለውስ? ግማሽ ቀን ሙሉ ይህ ሐሳብ እንደ ዝንብ እየዞረ አስቸገራት። ከሰዓት በኋላ አልፊያ «እማ ወርቄ፣ እማዬ ልካልሽ ነው» ብላ ትኩስ ዳቦ ይዛ ስትገባ ግን ሐሳቡ ጠፋ። ዳቦውን ተቀብላ፣ ልጅቷን ግንባሯን ስማ፣ ሰተት ብላ ወደ ጋሽ ፈቀደ ሄደች።

ጋሽ ፈቀደ የተላጠውን ድንጋይ አገላብጦ አየው፣ አሸተተውና «ቆጮ?» አለ።

«ቆጮ።»

«አንቺ ሴትዮ! ሎሚና መዳብ ሳህን ምን እንደሚያደርጉ አታውቂም? ኮምጣጣ ነገር ብረት ይበላል። ያም ሳይበቃ እርጥቡ ራሱንና መቀመጫውን አገናኝቶበታል። ባትሪ ውስጥ ሳይገባ፣ ማንም ሳያይበት፣ ቆጮው ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ነው የከረመው። ከውስጥም ከውጭም ተበላ እንጂ ምን ይሆናል!»

«ምን ይሻለዋል?»

«ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ።»

«ደረቁን ሁሉ በብረት ይወጉታል፣ ጋሽ ፈቀደ። ሽታ ያለው ብቻ ነው የሚያልፈው።»

ሽማግሌው ይህን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባው፤ አንድም ጥያቄ ግን አልጠየቃትም። ጢሙን እያሻሸ «እንግዲያው ውኃ የማያስገባ ልብስ አልብሺው» አላት። «ሰም።»

ወርቅዬ ከቤተ ክርስቲያን አምጥታ ያስቀመጠቻቸውን ጧፎች ሁሉ አወጣች። በሸክላ አቅልጣ፣ ያረጀ ነጠላዋን ቀድዳ በሰሙ ነከረች። የጤፉንና የተናጠውን ድንጋይ እያንዳንዳቸውን ሁለት ጊዜ ጠቀለለቻቸው፣ ጫፍና ጫፋቸውንም በሰም ደፈነች። ከዚያ እነሱንም፣ ያን የተላጠውንም እርቃኑን አንድ ቆጮ ውስጥ ጎን ለጎን ቀበረቻቸው። እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን ቀርቷታል። በነዚያ ቀናት ቆጮውን ስንት ጊዜ እንደዞረችው አትጠይቁኝ፤ ግን አልፈታችውም። ዐርብ ማታ ላይ ዩሱፍ በአጥሩ «ወርቄ፣ ምነው ከስተሻል?» ሲላት «ጾም ነው» ብላ አለፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት ወርቅዬ ቆጮውን አዝላ፣ ጋሽ ፈቀደ አጥቦ የመለሰላትን የበዳዳን ባትሪ ጡቷ ሥር ደብቃ፣ ብቻዋን በአስኮ መንገድ ወጣች። ኬላው ላይ አስካሪው አፍንጫውን ያዘ፤ እሷ ግን ያን ቀን አልሳቀችም።

ነገሬ ጅረቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ነው። ከኋላዋ ያለውን መንገድ ቃኘ።

«የት አለ?»

«ለእሱ አልነገርኩትም። በእሱ ፋንታ እኔ መጥቻለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም...»

«ቁጭ በል ነገሬ። አይተህ፣ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ።»

ቆጮውን አውርዳ ኮባውን ፈታች።  በመጀመሪያ ያን እርቃኑን አወጣች። ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል፣ ጥቁር ድፍርስ እያዣ እጇ ላይ ፈረሰ። ነገሬ አየው፤ ያውቀዋል። ጫካ ሲደርስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

«ይሄን ዩሱፍ ሲሰጠኝ ግድግዳ ሙሉ ያበራ ነበር» አለችው። «በዓይኔ አይቻለሁ። የበላው የኔ ቆጮ ነው። ኮምጣጣው ነው የበሳው። ይጠብቀዋል ብዬ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። በዳዳ በኔ እጅ ነው የሞተው ነገሬ። ባለ ደሙ አንተ ነህ፣ እኔም ይኸው አለሁ። ዩሱፍን ግን ተወው። ያ ሰው በየሐሙሱ ነፍሱን በሽርጡ ቋጥሮ ነው የሚሄድልን።»

 ነገሬ ፊቱን ወደ ጅረቱ አዞረ። ወርቅዬ ቆማ ጠበቀች። 

«መጀመሪያ ላይ» አለ በመጨረሻ፣ «በደረቅ ኮባ ነበር የሚጠቀልሉት። ትዝ ይልዎታል? ብዙ ቆጮም አልነበረበትም። ያኔ ደኅና ይደርስ ነበር።»

«ትዝ ይለኛል።»

«‹ሽታው አነሰ፤ እርጥብ እርጥቡን፣ የቦካውን ያድርጉበት፣ አስካሪው እንዳይጠጋው› ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

ወርቅዬ ይህን ረስታዋለች። እውነት ነው፣ እሱ ነው ያላት፤ ከሦስት ጭነት በፊት።

ነገሬ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ። ባዶ ነው፤ ቢላው ጋቢው ውስጥ ቀርቷል። በዚያ ባዶ እጁ ዓይኑን ጠረገና ቀና ብሎ አያት።

«ታዲያ አሁን ማንን ልግደል እትዬ?»

  ወርቅዬ አጠገቡ ተቀመጠችና አብረው አለቀሱ። ሁለቱም በደንብ፣ ድምፅ አውጥተው። እስከዚያ ቀን ነገሬ ለወንድሙ አላለቀሰም ነበር፤ በቁጣ ነበር የቆየው።

ሲበርድላቸው ሰም የለበሱትን ሁለቱን ድንጋዮች አወጣች። ጨርቁን በጥርሷ ቀድዳ ስትገልጠው ወረቀታቸው ደረቅ ነው። የበዳዳን ባትሪ ከጡቷ ሥር አውጥታ፣ «የማትሠሩበት ሲሆን ድንጋዩን አውጡት» ብላ ሰጠችው። ነገሬ ድንጋዮቹን ራሱ ከተታቸው፣ ክዳኑን አጠበቀ። ፀሐይ ስለሆነ ጋቢውን ራሱ ላይ ተከናንቦ፣ በጨለማው ውስጥ ተጫነው። ወርቅዬ ከውጭ ሆና የጋቢው ጥለት በብርሃን ሲደምቅ አየች። ጠፋ። እንደገና በራ። ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ በራ።

ከጋቢው ሲወጣ ፊቱ ርሶ ነበር። ድንጋዮቹን ከባትሪው አወጣቸው፣ በሰም ጨርቃቸው መልሶ ጠቀለላቸው።

«የማንሠራበት ሲሆን ይውጣ አይደል ያሉት?»

«ጋሽ ፈቀደ ነው ያለው።»

«ለባላምባራስ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለና ተነሣ። «ሐሙስ ስንት ድንጋይ ይኖራል?»

ሐሙስ ዩሱፍ ስምንት ድንጋይ አመጣ። በአጥሩ ቀዳዳ አቀብሎ ሲያበቃ አልሄደም፤ አንገቱን አስግጎ ወርቅዬ የምትሠራውን ያያል። ሰሙ ሸክላ ላይ ይንጨረጨራል። እሷ አንድ በአንድ ነጭ ጨርቅ ታለብሳቸዋለች፣ ራሳቸውንና እግራቸውን ትደፍናለች፣ ጎን ለጎን ታጋድማቸዋለች።

«ምነው ወርቄ» አላት እየሳቀ፣ «ድንጋዮቼን ከፈን አለበስሻቸው እንዴ? እንዲህ ተደርጎ የሚጠቀለል እኮ የሞተ ሰው ነው!»

ወርቅዬ የያዘችውን ድንጋይ አስቀመጠች። አየችው፤ ጥርሱን፣ አጥሩ ላይ ያረፈውን ክንዱን፣ ከኋላው ሽርጡን ይዛ የምትጎትተውን አልፊያን። የቅዳሜው ጅረት፣ የነገሬ እጅ ጋቢው ሥር፣ ሁሉም ትዝ አላት። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

«ከፈኑ ለእነሱ ነው፣ ለሰው አይደለም» አለችው፣ ዓይኗን ከሰሙ ላይ ሳታነሣ። «ሂድ አሁን፣ ዙሀራ ራት ይዛ ትጠብቅሃለች።»

«ጭሱ ነው እንዴ የሚያስለቅስሽ?»

«ጭሱ ነው» አለችው፤ እሱም እየሳቀ ልጁን አዝሎ ወደ ቤቱ ገባ።